ለማስታወቂያ ቤሳ ቤስቲን የለኝም፤ ምን ይሻለኛል?

ሰሞኑን የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከትንንሽ ሱቆችና ከእጅ ሙያ ባለቤቶች ናቸው። አጻጻፉ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ሥራውን እችላለሁ፣ ሰው አያውቀኝም፣ ገንዘብ ደግሞ የለም። የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናል፣ ስምም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄን ከከፈትኩ ሰባት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ አንድ ሺህ በራሪ ወረቀት አሳትሜ አስበተንኩ። ወረቀቱን ይዞ የመጣ ሦስት ሰው ነው። ከዚያ ፌስቡክ ላይ ከፍዬ ቡስት አስደረግኩ፣ ማለትም ጽሑፌ ለብዙ ሰው እንዲታይ። ላይኩ ጎረፈ፣ ሱቁ ግን ጭር እንዳለ ነው። ገንዘቤን ውሃ በላው። ያሉኝ ጥቂት ደንበኞች ይወዱኛል፤ በእነሱ ብቻ ግን ኪራይ አይከፈልም።

መልስ፦ እህቴ፣ በበራሪ ወረቀቱ ብቻሽን አይደለሽም። እኔም አንድ ወዳጄ ፎቶ ቤት ሲከፍት ልርዳው ብዬ ግማሽ ቀን ወረቀት ሳድል ዋልኩ። ማታ ስመለስ ያደልኩትን ሁሉ እየረገጥኩ ነው የተመለስኩት። ሰው እጁን ስትዘረጊለት ያፍርና ይቀበልሻል፣ ጥግ ሲዞር ይጥለዋል።

አሁን ወዳሉሽ ደንበኞች እንምጣ። ጥቂት ናቸው ብለሽ ያለፍሻቸው እነሱ ናቸው ማስታወቂያሽ። መጀመሪያ አንድ ደብተር ያዢ። ለሁለት ሳምንት ለሚገባው ሰው ሁሉ «እንዴት አወቃችሁን?» በይና መልሱን በአንድ ቃል ጻፊ፤ ጓደኛ፣ ሲያልፍ አይቶ፣ ጉግል ማፕ፣ ፌስቡክ። ብዙውን ጊዜ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስበት ቦታ ሌላ፣ ደንበኛው የሚመጣበት በር ሌላ ሆኖ ይገኛል። ደብተሩ ላይ «ጓደኛ» የሚለው ቃል ከበዛ፣ ሥራሽ ጓደኛ ለጓደኛ የሚያወራበትን ሰበብ መፍጠር ነው ማለት ነው።

ሰበቡ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ሸሚዝ ሰፍተሽ ስታስረክቢ አንድ ትርፍ ቁልፍና ከልብሱ ቀለም ጋር የሚሄድ ትንሽ ክር ጣት በምታክል የወረቀት ፖስታ አድርገሽ ስጪ። ፖስታው ላይ የሱቅሽ ስም፣ ስልክሽ፣ ከሥሩ ደግሞ «ቁልፉ ከወለቀ ይዘውት ይምጡ፣ በነፃ እንተክላለን» ብለሽ ጻፊበት። በእጅሽ ብትጽፊው ከታተመው ይበልጣል። በራሪ ወረቀት ይጣላል፣ ቁልፍ ግን ማንም አይጥልም። መሳቢያ ውስጥ ዓመት ይቀመጣል። የወለቀ ቀን ፖስታሽን ያገኙታል፣ ይመጣሉ፣ አንድ ቁልፍ ለመትከል ሁለት ደቂቃ ይፈጅብሻል፤ ሰውየው ግን ባዶ እጁን አይመጣም፣ ዚፑ የተበላሸውን ጃኬትና የረዘመውን ሱሪ ጨምሮ ነው የሚመጣው።

ፌስቡኩን አትተዪው፣ ግን አትክፈዪበት። የሠራሽውን ፎቶ አንሺ፤ ያልተስተካከለው ልብስ በግራ፣ የተስተካከለው በቀኝ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን። አንድ ቀን ገንዘብ ኖሮሽ መክፈል ካማረሽ ደግሞ ማስታወቂያው የሚታይበትን አካባቢ በካርታው ላይ አጥብቢው፣ ግቡንም ላይክ ሳይሆን መልእክት ወይም ስልክ አድርጊው። በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚኖር ሰው ላይክ ቢያደርግሽ ሱሪውን አያመጣልሽም።

ጥያቄ፦ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ጎረቤቴ ያለው ፀጉር ቤት ዋጋ ሰበረ። እኔም ልስበር ወይስ ልቀመጥ?

መልስ፦ አትስበር። መጀመሪያ ሒሳቡን አስላው። ደንበኛው ከሚከፍልህ ከመቶው ወጪህ ሁሉ ተቀንሶ 30 ይቀርሃል እንበል። ዋጋህን በ10 ብትቀንስ የሚቀርህ 20 ነው። የበፊቱን ትርፍ ለማግኘት በ100 ሰው ፋንታ 150 ሰው ማስተናገድ አለብህ። ወንበሩ ስንት ነው? ወገብህስ? ጎረቤትህም ዝም አይልም፣ ነገ እንደገና ይሰብራል። በዚህ የሚያሸንፍ የለም፣ ቀድሞ የሚደክም ነው ያለው።

ከዚያ ይልቅ የማህተም ካርድ ሥራ፤ ደንበኛው በመጣ ቁጥር አንድ ማህተም ትመታበታለህ፣ ሲሞላ አንዴ በነፃ ታስተናግደዋለህ። የድሮ ነገር ነው ትለኝ ይሆናል፤ አዎ፣ ድሮም ስለሚሠራ ነው። ግን አንዲት ብልሃት አለችው። ጆሴፍ ኑንስና ዣቪዬ ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የመኪና ማጠቢያ 300 ካርድ አደሉ። ግማሹ ካርድ ስምንት ባዶ ቦታ ነበረው። ሌላው ግማሽ አሥር ቦታ ነበረው፣ ሁለቱ ላይ ግን ገና ሲሰጥ ማህተም ተመቶበታል። ልብ በል፣ ለሁለቱም የሚቀረው ስምንት እጥበት ነው። ባዶውን ካርድ ከተቀበሉት የጨረሱት 19 በመቶ ሲሆኑ፣ የተጀመረውን ከተቀበሉት ግን 34 በመቶ ጨረሱ። ሰው ከዜሮ መጀመር አይወድም፣ የተጀመረ ነገር ግን መጨረስ ይፈልጋል።

ለአንተ ስምንት ይበዛል። መኪና በየሳምንቱ ሊታጠብ ይችላል፤ ፀጉር በየሦስትና አራት ሳምንቱ ነው፣ ስምንት ማህተም ከግማሽ ዓመት በላይ ይፈጃል፣ እስከዚያ ካርዱ ጠፍቷል። ሰባት ቦታ ያለው ካርድ አሠራና መጀመሪያ ስትሰጥ ሁለቱን ምታ፣ አምስቱ ሲሞላ ቀጣዩ በነፃ። ማህተሙን ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የተገዛ ተራ ኮከብ አታድርገው፣ ማንም ይገዛዋል። የራስህን ፊርማ ወይም ለየት ያለ መብሻ ተጠቀም።

ሌላው፣ ቅናሽ ማድረግ የግድ ካማረህ ለሰው ሁሉ ሳይሆን ለባዶ ሰዓት አድርገው። ማክሰኞ ጠዋት ወንበሩ ባዶ ከሆነ ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ይርከስ። ቅዳሜ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀህ ዋጋ መቀነስ ግን ገንዘብ ከኪስህ አውጥቶ መስጠት ነው። «ጓደኛ አምጣ» የሚለውንም ሞክረው፤ ግን ጥቅሙ ለሁለቱም ይሁን። ድሮፕቦክስ የተባለው፣ ፋይል ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው አገልግሎት በጊዜው የተስፋፋበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው፣ ለጋባዡም ለተጋባዡም ትርፍ የፋይል ማስቀመጫ ቦታ ይሰጥ ነበር። ለጋባዡ ብቻ ከሰጠህ ሰው ጓደኛውን የሸጠ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ጉግል ላይ አምስት ኮከብ ለሚሰጠኝ ደንበኛ ትንሽ ስጦታ ብሰጥ ምን አለበት? ፎሎወርስ ብገዛ?

መልስ፦ ሁለቱንም ተወው። ለአስተያየት ስጦታ መስጠት በጉግል ደንብ የተከለከለ ነው፣ ከታወቀ አስተያየቶቹ ሊሰረዙብህ ይችላሉ። የተገዛ ፎሎወር ደግሞ ሱቅ አይገባም። ደንበኛህ ሥራውን አይቶ ፈገግ ያለባትን ደቂቃ ጠብቅና «ደስ ካለዎት ጉግል ላይ ሁለት መስመር ይጻፉልን፣ ምን እንዳሠሩ ቢጠቅሱ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመናል» በል። «ጥሩ ነው» ከሚል አሥር አስተያየት፣ ለምሳሌ ስልክ ለሚጠግን ሰው፣ «የተሰነጠቀ ስክሪን በአንድ ሰዓት ቀየሩልኝ» የሚል አንድ ይሻላል። መጥፎ አስተያየት ቢመጣ አትሳደብ። አጭርና ጨዋ መልስ ስጥ፤ መልስህን የሚያነበው ተናዳጁ ብቻ አይደለም፣ ገና ሊመጣ የሚያስበውም ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ስልሳን አልፏል። ብስክሌት እጠግናለሁ። ልጄ «ቲክቶክ ካልሠራህ አለቀልህ» ትለኛለች። እኔ ካሜራ ፊት ቆሜ መጨፈር አልችልም። ያለዚያ መንገድ የለም?

መልስ፦ አባባ፣ አይጨፍሩም። የእርስዎን ሙያ የሚመለከት አንድ የቆየ ታሪክ ልንገርዎት። ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ጎማ ኩባንያ ስሙን ያገኘው በብስክሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ከፓሪስ ተነሥቶ ብሬስት ከተማ ደርሶ ፓሪስ በሚመለሰው ረጅም ውድድር ሻርል ቴሮን የሚባል ብስክሌተኛ በሚሽለን ጎማ አሸነፈ፣ ጎማውም ታወቀ። ከዚያ ወደ መኪና ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1900 ግን በመላው ፈረንሳይ የነበረው መኪና 3 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ለማን ይሸጡ? የኩባንያው ባለቤቶች የሆኑት የሚሽለን ወንድማማቾች «ጎማችንን ግዙ» የሚል ወረቀት በማሳተም ፋንታ ለአሽከርካሪ የሚጠቅም ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው በነፃ አደሉ፣ ወደ 35 ሺህ ቅጂ። ካርታ አለው፣ ጎማ እንዴት እንደሚቀየር ያሳያል፣ ነዳጅ የት እንደሚገኝና የት እንደሚታደር ይናገራል። ሰው ብዙ ከነዳ ጎማ ያልቃል፣ ጎማ ካለቀ ይገዛል። ዛሬ ሬስቶራንቶች ለምግባቸው የሚሰጠውን የሚሽለን ኮከብ ለማግኘት የሚራኮቱበት መመሪያ ያ መጽሐፍ ነው።

እርስዎ ግን መጽሐፍ ማሳተም አያስፈልግዎትም። የጎማ መንፊያዎን በሰንሰለት አስረው ደጅ ያውጡት፣ ከላዩ «ንፋስ በነፃ» ብለው ይጻፉ። በቃ። ጎማው የላላበት ሁሉ ይቆማል። ሲነፋ እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሱ ያዩታል፤ ፍሬኑ ማለቁን፣ ሰንሰለቱ መድረቁን። አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ ያደርጉለታል። «ይህ ፍሬን ግን ወር አይቆይም» ይሉታል። ወር ሳይሞላው ይመጣል። የሠሩትን ብስክሌት ሁሉ ደግሞ ከኮርቻው በታች ባለው ብረት ላይ «ጎማ ተነፈሰ?» የሚል ትንሽ ስቲከር ከስልክዎ ጋር ይለጥፉበት፣ ባለቤቱን አስፈቅደው። ብስክሌት ቆሞ አይውልም፣ ታፔላዎን ይዞልዎት ይዞራል።

የደጁን ታፔላም ይዩት። መንገዱን ተሻግረው ከወዲያ ቆመው ለማንበብ ይሞክሩ። በልምድ እንደሚባለው ለየ3 ሜትሩ ርቀት የፊደሉ ቁመት 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን ይነበባል፣ ስለዚህ ከ30 ሜትር እንዲነበብ 25 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የእኛ ፊደል እግሩና ቀለበቱ ከሩቅ ስለሚጠፋ ትንሽ ይጨምሩበት። ትልቁ ጽሑፍ ደግሞ የሱቁ ስም አይሁን፣ «ብስክሌት ጥገና» ይሁን። እርስዎን የማያውቅ ሰው ስሙን ምን ያደርግበታል?

አሁን ወደ ልጅዎ። እሷም እውነቷን ነው፣ በከፊል። መጀመሪያ ጉግል ማፕ ላይ ቦታዎን ታስመዝግብልዎት፤ በነፃ ነው። ከዚያ እጅዎን ብቻ ትቅረጽ፣ ፊትዎ አያስፈልግም። የተጣመመ ጎማ ሲያቃኑ ስልኩን አጠገብዎ ታስጠጋው። ጎማው ሲዞር ፍሬኑን እየነካ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ ይላል። እርስዎ አንዱን ሽቦ ያጠብቃሉ፣ ሌላውን ያላላሉ፣ ያዞሩታል፣ ቲክ… ቲክ… ከዚያ ዝም። ሠላሳ ሰከንድ ቢሆን ነው። ሙዚቃ አትጨምርበት፣ ያ ድምፅ ይበቃል። እኔ በበኩሌ እንደዚህ ዓይነት ቪዲዮ ሳይ እጄን ከስልኩ ላይ ማንሳት ያቅተኛል።

ጥያቄ፦ ቢዝነስ ካርዴ ላይ ኪውአር ኮድ ማድረግ ፈለግኩ። አንድ ድረ ገጽ በነፃ ሠራልኝ፣ ከወር በኋላ ግን «ክፈል» ብሎ ዘጋው። ኪውአር በክፍያ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ኪውአር ኮድን እ.ኤ.አ. በ1994 የሠራው ዴንሶ ዌቭ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው፣ የመኪና ዕቃ ለመቆጣጠር። ማንም እንዲጠቀምበት ስለተወው አይከፈልበትም። አንተን ያገኘህ ነገር ሌላ ነው። አንዳንድ ድረ ገጾች ኮዱ ውስጥ የአንተን አድራሻ ሳይሆን የራሳቸውን ሊንክ ነው የሚያስገቡት፤ ስካን ያደረገው ሰው በእነሱ በኩል ያልፋል፣ እነሱ ሲዘጉት ካርድህ ሁሉ ይሞታል። ስለዚህ «ስታቲክ» የሚባለውን ምረጥ፣ የቴሌግራም ወይም የጉግል ማፕ ሊንክህን በቀጥታ አስገባ። ጊዜ አያልፍበትም። ሳታሳትም በፊት በሁለት ሦስት ስልክ ሞክረው፣ ካርድ ላይ ከ2 ሴንቲሜትር አታሳንሰው። ኮዱን ባዶውንም አታስቀምጠው፤ «ዋጋ ለማየት» ወይም «ቦታችንን ለማግኘት» ብለህ ጻፍበት፣ አለበለዚያ ስካን የሚያደርግበት ምክንያት የለውም።

ጥያቄ፦ ልብስ ንፅህና ቤት አለኝ። በዋትስአፕ ብሮድካስት፣ አንዱን መልእክት ለብዙ ሰው በአንዴ በሚልከው፣ በየቀኑ ለደንበኞቼ መልእክት እልካለሁ። ለአንዳንዱ አይደርስም፣ የደረሰው ደግሞ ብሎክ ያደርገኛል።

መልስ፦ አለመድረሱ ቀላል ነው። ብሮድካስት የሚደርሰው ቁጥርሽን ስልኩ ላይ ለመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ልብስ ስትቀበዪ «ሲደርስ በዋትስአፕ እናሳውቅዎታለን፣ ቁጥራችንን ይመዝግቡ» በይ፤ ይመዘግባል፣ ምክንያት አለውና። ብሎኩ ግን ከአንቺ ነው። በየቀኑ «እንደምን አደራችሁ ውድ ደንበኞቻችን» የሚል አበባ ያለበት ፎቶ ከሆነ የምትልኪው፣ እኔም ብሎክ አደርግሻለሁ። ልብሱ ሲደርስ ላኪ፣ ሰዓት ስትቀይሪ ላኪ። በወር አንዴ ደግሞ የሚጠቅም ነገር፤ የቀለም ነጠብጣብ ልብስ ላይ ሲፈስ ወዲያው መፈተግ እንደሌለበት፣ በጨርቅ ተጭኖ ማስመጠጥ እንደሚሻል ንገሪያቸው። ነጠብጣቡ አልለቅ ያለው የት እንደሚያመጣው ያውቃል።