የሲስተም ትንተና ሥራ ለሚፈልግ፦ የትኛውን የሞዴሊንግ ዘዴ ልማር?

ጥያቄ፦ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራንና መረጃን በሥዕል ከሚያሳዩት ዘዴዎች ዩኤምኤል፣ የዳታ ፍሰት ዲያግራምና ኢ-አር ዲያግራም ተምሬያለሁ። የሥራ ማስታወቂያዎች ግን አንዱ ቢፒኤምኤን፣ ሌላው አርኪሜት ይላል። ሶፍትዌር የሚሠሩ ጓደኞቼ ደግሞ «አሁን ማንም ዲያግራም አይሥልም፣ ኮድ ብትማሪ ይሻልሻል» ይሉኛል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስዘልል ጊዜዬ አለቀ። የትኛውን ልያዝ? ለሰርተፍኬትስ ልክፈል?

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን አላቆይብሽም። ሁለት ዘዴ ያዢ፤ አንዱ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ፣ ሌላው ድርጅቱ ምን መረጃ መያዝ እንዳለበት የሚያሳይ። ለመጀመሪያው ቢፒኤምኤን፣ ለሁለተኛው የተማርሽው ኢ-አር ዲያግራም ይበቃሻል። የቀሩትን ሌላ ሰው የሠራውን አይተሽ እስክትረጂ ድረስ ብቻ እወቂያቸው። ሰርተፍኬቱ ለጊዜው ይቆይ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳሽ፤ እሱን ካልያዝሽ ነገ አንድ ማስታወቂያ አዲስ ስም ይዞ ሲመጣ እንደገና መዝለልሽ አይቀርም።

የዘዴዎቹ ብዛት አያስደንግጥሽ። አንዳቸውም ዝም ብለው አልተፈጠሩም፤ እያንዳንዳቸው በዘመናቸው አንድ ሰው ከቸገረው ጥያቄ የተነሱ ናቸው። (ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ በ1921 የሂደት ቻርታቸውን ለአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ሲያቀርቡ፣ ሥራን ደረጃ በደረጃ ወረቀት ላይ አውጥቶ የሚባክነውን ለማየት ነበር። ካርል አዳም ፔትሪ በ1962 በዶክትሬት ጽሑፉ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች የት እንደሚጠባበቁ በሒሳብ የሚገለጽበትን መንገድ አበጀ። ፒተር ቼን በ1976 የኢ-አር ሞዴልን ሲያቀርብ፣ ዳታው በኮምፒዩተር እንዴት ይቀመጥ ከማለት በፊት የምንመዘግባቸው ነገሮች ምንድን ናቸው፣ እርስ በርስስ ምን ያገናኛቸዋል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል ማለቱ ነው። እያንዳንዱን ሥራ በአንድ ሳጥን የሚያሳየው አይዴፍ ዜሮ ከአሜሪካ አየር ኃይል የማምረቻ ፕሮግራም ወጥቶ በ1993 የፌዴራል ስታንዳርድ ሆነ። እኔ በግሌ ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። በሳጥኑ ግራ የሚገባው ነገር፣ በቀኝ የሚወጣው፣ ከላይ ሥራውን የሚገዛው ደንብ፣ ከታች ሥራውን የሚፈጽመው ሰው ወይም መሣሪያ ይጻፋል። ዛሬ ማስታወቂያ ላይ ብዙም ባታዪውም፣ ከአንድ ሥራ ፊት ስትቆሚ «ይህን የሚገዛው ደንብ የቱ ነው?» ብለሽ መጠየቅን የሚያስለምድ እንደ እሱ ያለ አላየሁም።

የሶፍትዌር ሲስተሞችን የሚገልጸው ዩኤምኤል በ1997 የኦኤምጂ (የሞዴሊንግ ስታንዳርዶችን የሚያወጣ ማኅበር) ስታንዳርድ ሆነ፤ አሁን 14 የዲያግራም ዓይነቶች አሉት፤ በሥራ ላይ የሚዘወተሩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ቢፒኤምኤን በ2004 ወጥቶ ሁለተኛው ስሪቱ በ2011 ጸደቀ፤ በ2013 ደግሞ ዓለም አቀፍ የአይኤስኦ ስታንዳርድ ሆነ። የድርጅቱን ሲስተሞች በአንድነት የሚያሳየው አርኪሜት ከኔዘርላንድስ ተነስቶ ከ2009 ጀምሮ ኦፕን ግሩፕ በሚባለው የስታንዳርድ አውጪ ማኅበር ሥር ይገኛል። ስማቸው ይብዛ እንጂ ጥያቄያቸው ጥቂት ነው። ምን ይሠራል? በምን ቅደም ተከተል? ማን ይሠራዋል? ምን ይመዘገባል? አንዱ ቢቆም ምን አብሮት ይቆማል? ቢፒኤምኤንና ኢ-አርን አብረሽ የያዝሽ እንደሆነ ከመጨረሻው በቀር ሁሉንም ትደርሺባቸዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቀጣሪ ደመወዝ የሚከፍልሽ ሳጥንና ቀስት ስላስተካከልሽ አይደለም። ዲያግራሙ ስትሠሪው ማንም ያላነሳውን ጥያቄ እንድታነሺ ያስገድድሻል፤ የሚፈለገው ያ ነው። በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ።

የአንድ ድርጅት የግዢ ሠራተኛ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ስትጠይቂው እንዲህ ይልሻል እንበል፦ «ክፍሉ ይጠይቃል፣ ኃላፊው ያጸድቃል፣ እኛ እንገዛለን፣ ፋይናንስ ይከፍላል።» አራት ሳጥን አስቀምጠሽ በቀስት አገናኝተሽ መሄድ ትችያለሽ፤ ሠራተኛውም አይቶ «ልክ ነው» ይልሻል። በቢፒኤምኤን በትክክል ልሥራው ስትዪ ግን ዘዴው ራሱ ይጠይቅሽ ይጀምራል። ከማጽደቁ በኋላ የውሳኔ ምልክት ማስቀመጥሽ አይቀርም፤ ከምልክቱ ሁለት መንገድ ይወጣል፤ «አይጸድቅም» የሚለው ወዴት ይሄዳል? ተስተካክሎ እንዲመጣ ለጠያቂው ይመለሳል ወይስ እዚያው ይዘጋል? ኃላፊው ፈቃድ ላይ ቢሆንስ? በሥራው ሳጥን ጠርዝ ላይ የሰዓት ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ምልክቱን ለማስቀመጥ ግን ስንት ቀን ተጠብቆ ወደ ማን እንደሚተላለፍ ማወቅ አለብሽ። ይህን ስትጠይቂ ብዙ ጊዜ መልስ የሚሰጥሽ የለም፤ ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ሥራሽ ዋጋ የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው።

አቅራቢውን ደግሞ እንይ። እሱ የድርጅቱ አካል ስላልሆነ በቢፒኤምኤን ለብቻው በራሱ ክልል (በተከለለ ትልቅ ሳጥን) ይቀመጣል። የሥራ ቅደም ተከተል ቀስት ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው መሻገር አይችልም፤ የሚሻገረው የመልእክት ቀስት ብቻ ነው። ይህ ደንብ ለጀማሪ አስቸጋሪ ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። አቅራቢውን የምናዘው እኛ እንዳልሆንን፣ ከእሱ የምናገኘው መልእክት ብቻ እንደሆነ ያስታውስሻል። ስለዚህ መጠየቅሽ አይቀርም፦ ከእሱ የሚመጡት መልእክቶች የትኞቹ ናቸው? ኢንቮይሱ ከዕቃው ቀድሞ ቢደርስ ምን ይደረጋል? ከናካቴው ባይመጣስ?

አንድ ስውር ስህተት ላሳይሽ። ትዕዛዙ ከተላከ በኋላ ሥራው ለሁለት ይከፈላል፤ ግምጃ ቤቱ ዕቃውን ይረከባል፣ ፋይናንስ ኢንቮይሱን ይቀበላል። ሁለቱም መሆን ስላለባቸው መክፈቻው የመደመር ምልክት ያለበት መገናኛ (መንገዶች የሚከፈሉበትና የሚገጥሙበት ምልክት) ነው። መዝጊያው ላይ ግን በዚያ ፈንታ የምርጫውን መገናኛ፣ ማለትም የደረሰውን ሌላውን ሳይጠብቅ የሚያሳልፈውን፣ ብታደርጊ ምን ይሆናል? ዕቃው ሲደርስ ሥራው ያልፍና ክፍያ ይፈጸማል፤ ኢንቮይሱ ሲደርስም ያልፍና ሁለተኛ ክፍያ ይፈጸማል። በተቃራኒው፣ መክፈቻው ምርጫ ሆኖ መዝጊያው የመደመር ከሆነ፣ ሥራው የማይመጣውን ሁለተኛ መንገድ ሲጠብቅ እዚያው ቆሞ ይቀራል። በምልክት ደረጃ የአንድ ትንሽ ቅርጽ ልዩነት ነው፤ በድርጅቱ ግን ሁለት ጊዜ የወጣ ገንዘብ ወይም ጭራሽ ያልተከፈለው አቅራቢ ነው። ይህን ለመያዝ መንገዱ ቀላል ነው፤ ከፔትሪ የወረስነው ነው። መነሻው ላይ አንድ ጠጠር እንዳለ አስቢ፣ ምልክቱ በሚያዘው መሠረት በጣትሽ እየገፋሽ አሂጂው። የመደመር ምልክት ሲከፍት ጠጠሩን ያበዛዋል፣ ሲዘጋ ሁሉንም ጠብቆ አንድ ያደርጋቸዋል፣ ምርጫ ግን አንድ መንገድ ብቻ ይሰጠዋል። መጨረሻው ላይ የተንጠለጠለ ወይም የተረፈ ጠጠር ካለ ዲያግራሙ ሕመም አለበት።

ወደ ኢ-አር ስትሻገሪ ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል። ለአንድ የግዢ ትዕዛዝ ስንት የዕቃ መረከቢያ ይኖራል? አቅራቢው ዕቃውን በሦስት ጊዜ ከፋፍሎ ካመጣ ሦስት ነው። አንድ ኢንቮይስ የሁለት ትዕዛዝ ሒሳብ አብሮ ሊይዝ ይችላል? «አዎ፣ አንዳንዴ» ካሉሽ፣ ኢንቮይሱ ላይ አንድ የትዕዛዝ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ሲስተም አይበቃቸውም፤ ግንኙነቱን ከሰነዱ አውርደሽ በየዕቃው መስመር ማድረግ አለብሽ። ይህን «አንዳንዴ» ያልሰማ ሰው የነደፈው ሲስተም በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሲስተሙ የማይቀበላትን በኤክሴል መያዝ ትጀምራለች፤ ትንሽ ቆይቶ እውነተኛው ሒሳብ ያለው በኤክሴሉ ላይ ይሆናል። በየቢሮው እንዲህ ያለ ኤክሴል ስታገኚ አትናቂው፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ የቀድሞው ንድፍ የዘለለው ሁሉ እዚያ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

ስለዚህ ጓደኞችሽን በምን እንመልሳቸው? ግማሽ እውነት አላቸው። ማንም የማያነበው የመቶ ገጽ ሰነድ ማዘጋጀት ከንቱ ልፋት ነው፤ በዚህ አልከራከራቸውም። እነሱ ግን ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆመው ሳጥንና ቀስት ሲያደርጉ ሞዴል እየሠሩ ነው። ድርጅቱ የተዘጋጀ ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ ግዢን፣ ሒሳብንና ክምችትን አብሮ የሚይዘውን ኢአርፒ፣ ሲገዛ ደግሞ ኮድ የሚጽፈው ጥቂት ሰው ነው፤ ትልቁ ሥራ የድርጅቱ አሠራር ከሶፍትዌሩ አሠራር ጋር የት እንደሚጋጭ ማወቅ ነው። ሌላም አለ፤ የቢፒኤምኤን ዲያግራም ኮምፒዩተር በሚያነበው የጽሑፍ ቅርጸት፣ በኤክስኤምኤል፣ ስለሚቀመጥ ካሙንዳንና ፍሎዌብልን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ራሱን ያስኬዱታል። እዚያ ዲያግራሙና ፕሮግራሙ አንድ ናቸው። ኮድ መማሩን ግን አልከለክልሽም፤ በተለይ ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን፣ የማያውቅ አናሊስት ኢ-አር ዲያግራሙ ትክክል መሆኑን በዳታ ሊያረጋግጥ አይችልም።

ጽሑፍ ስትሰጪው ዲያግራም የሚያወጣልሽ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መኖሩንም ሰምተሽ ይሆናል። ተጠቀሚበት። የሚሠራልሽ ግን የነገርሽውን ነው፤ ግምጃ ቤት ወርዶ «የተሰበረ ዕቃ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅልሽ አይደለም። መሣሉ በረከሰ ቁጥር የሚያጣራው ሰው ይበልጥ ይፈለጋል ብዬ አምናለሁ።

አርኪሜትን ለምን እንዳቆየሁት ልንገርሽ። የሚያገለግለው በአብዛኛው የድርጅቱን ሲስተሞች በሙሉ ከላይ ለሚያየው አርክቴክት ነው። የሥራውን፣ የአፕሊኬሽኑንና የቴክኖሎጂውን ደረጃ አገናኝቶ «ይህ ሰርቨር ቢቆም የትኛው አገልግሎት ይቋረጣል?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሆኖም በዚያ ቦታ የሚቀጠረው ብዙ ጊዜ ዓመታት የሠራ ሰው ነው። አንቺ ማመልከት ያለብሽ ቢዝነስ አናሊስት፣ ሲስተም አናሊስት፣ የሥራ ሂደት አናሊስት ለሚሉት ነው። ስማቸው ቢለያይም በጀማሪ ደረጃ ሥራቸው ይቀራረባል፤ ማስታወቂያውን ስታነቢ ከማዕረጉ ይልቅ ዝርዝር ተግባሩን እዪ።

የምታመለክቺባቸው ቦታዎች ሰርተፍኬቱን በስም ካልጠየቁ አትክፈዪ። የቢዝነስ አናሊስቶች ማኅበር የሆነው የአይአይቢኤ የጀማሪ ፈተና፣ የኦኤምጂና የኦፕን ግሩፕ ፈተናዎች ዋጋ አላቸው፤ ከልምድ በኋላ ሲመጡ ግን የበለጠ ይጠቅማሉ፣ ምናልባትም ቀጣሪሽ ይከፍልልሽ ይሆናል። የቢፒኤምኤንና የዩኤምኤል ሙሉ ሰነድ ከኦኤምጂ በነፃ ይወርዳል። መሣሪያውም አያስወጣሽም፤ ካሙንዳ ሞዴለርና ድሮው ዶት አይኦ ነፃ ናቸው፣ አርኪሜትን መቅመስ ካማረሽም አርኪ የሚባለው አለ።

በሰርተፍኬቱ ፈንታ አንድ ሥራ ሥሪ። ልትጠጊው የምትችዪ እውነተኛ የሥራ ሂደት ፈልጊ፤ የቤተ መጻሕፍት ውሰት ይሁን፣ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ይሁን። መጀመሪያ አሁን እንዳለ ሥሪው፣ መሆን ያለበትን አትቀላቅዪበት። ለሳጥኖቹ ስም ስትሰጪ ድርጊቱና የሚደረግበት ነገር ይታይ፤ «ምርመራ» ከምትዪ «የውሰት ጥያቄውን መመርመር» በዪ። አንድ መነሻ፣ አንድ መድረሻ ይኑረው። ተመራማሪዎች ከ50 በላይ ምልክት ያለው ሞዴል እንዲከፋፈል ይመክራሉ፤ ለጀማሪ ከዚያም በጣም ያነሰ ይሻላል። ከዚያ ሥራውን በእጃቸው ከሚሠሩ ሁለት ሰዎች ጋር፣ ከኃላፊው ጋር ሳይሆን፣ ቁጭ በዪ። ዲያግራሙን ሰጥተሽ «ልክ ነው?» አትበያቸው፤ ትሕትና ይዟቸው አዎ ይሉሻል። ይልቅ «ትናንት የመጣውን የመጨረሻውን ሰው ጉዳይ በዚህ ላይ በጣታችሁ አሳዩኝ» በያቸው። ጣታቸው ከቀስቱ የሚወጣበትን ቦታ ሁሉ መዝግቢ። የመጀመሪያውንም የታረመውንም አስቀምጪ፤ ኢ-አሩንና የተሻለ አሠራር የምትዪውን አክዪበት።

ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ሁለቱን ስሪቶች ጎን ለጎን ይዘሽ ሂጂ፤ በመካከላቸው ምን እንደተለወጠ፣ ማን ምን ብሎሽ እንደተለወጠ ተናገሪ። ንጹሕ ዲያግራም ብቻ ይዞ የሚመጣ አመልካች ብዙ ነው፤ እንዴት እንደታረመ ማስረዳት የሚችለው ግን ጥቂት ነው። እዚያው ሰሌዳ ላይ አንድ ሂደት እንድትሠሪ ከጠየቁሽም ብዕሩን ከማንሳትሽ በፊት ሥራውን የሚያስጀምረው ምን እንደሆነና ተጠናቀቀ የሚባለው መቼ እንደሆነ ጠይቂያቸው። የምታሳዪው የሌላ ድርጅት ሥራ ከሆነ ደግሞ አስቀድመሽ ፈቃድ ያዢ፣ የድርጅቱንና የሰዎቹን ስም ሰርዢ፣ እውነተኛ የደንበኛ መረጃም አይኑርበት።