ለ24 ክፍል ፔንሲዮን ዋይፋይ፦ ከብራንዱ በፊት ቦታውና ገመዱ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐዋሳ ጂ ፕላስ 3 ፔንሲዮን አላችሁ፤ ምድር ላይ ምግብ ቤትና ሪሴፕሽን፣ ከላይ በየፎቁ 8 ክፍል። ሦስት የቤት ራውተር በየኮሪደሩ ተሰቅሏል፣ እንግዳው ግን ማታ ማታ «ኔትወርክ የለም» እያለ ሪሴፕሽን ይወርዳል። «የትኛውን አክሰስ ፖይንት (ተሰቅሎ ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ዕቃ) ልግዛ፣ ስንትስ ይበቃኛል?» ነው ያልሽው። ላለፉት 11 ዓመታት ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና ማረፊያ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስዘረጋ ስለኖርኩ ያየሁትን ልንገርሽ። ከእኔ በፊት መልሰው ብራንድ የጠቆሙሽ ወንድሞች አልተሳሳቱም፤ ግን ጥሩ ዕቃ መጥፎ ቦታ ላይ ተሰቅሎ ገንዘብ ሲበላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ምንም የማትከፍይበትን ሥራ ጨርሺ። ማታ 3 ሰዓት አካባቢ፣ እንግዳው ሁሉ ክፍሉ ሲገባ፣ ዋናው ራውተር ላይ ላፕቶፕ በኬብል ሰክተሽ ፍጥነቱን ለኪ። ለዚያች 5 ደቂቃ ወደ ፎቅ የሚሄዱትን ገመዶች ንቀዪና የዋናውን ራውተር ዋይፋይ አጥፊ። ከከፈልሽበት ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ከመጣ መስመሩ ደህና ነው። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ስምንት አክሰስ ፖይንት ብትሰቅዪም ለውጥ አታዪም። ሁሉንም መልሰሽ ስትከፍቺ ፍጥነቱ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ እንግዶቹ መስመሩን እየተሻሙበት ነው፤ ያኔ ለእያንዳንዱ ስልክ የፍጥነት ገደብ ማድረግ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሦስቱ ራውተሮች። የለጠፍሽው ፎቶ ላይ ገመዱ የገባው ለብቻው ባለው ሰማያዊ ቀዳዳ ነው፤ ይህ ከኢንተርኔት የሚመጣው መስመር የሚሰካበት ነው። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ራውተር የራሱን ትንሽ ኔትወርክ ይፈጥራል፣ ሰውየው ደረጃ በወጣ ቁጥር የቪዲዮ ጥሪው ይቋረጣል። ገመዱን ከሌሎቹ ቀዳዳዎች ወደ አንዱ አዛውሪው፣ የሦስቱንም ዲኤችሲፒ (ለየስልኩ አድራሻ የሚያድለውን ክፍል) አጥፊ፣ የየራሳቸው የተለያየ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ስጫቸው። አድራሻ የሚያድለው ዋናው ራውተር ብቻ ይሁን። ብዙ የቤት ራውተር 100 ገደማ አድራሻ ብቻ እንዲያድል ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ አንዴ የሰጠውንም ብዙውን ጊዜ ለ24 ሰዓት ይይዛል። ምሳ ሊበላ መጥቶ ዋይፋይ የተጠቀመ ሰው ሁሉ አንድ አድራሻ ይዞ ይሄዳል፣ ማታ የሚመጣው አዳሪ ያጣል። አድራሻውን ወደ 200 ከፍ፣ ጊዜውን ወደ 2 ሰዓት ዝቅ አድርጊው። «አይፒ በማግኘት ላይ» እያለ የሚቆየው ስልክ ምናልባት በዚህ ብቻ ይድናል።

አሁን ወደ ኮሪደሩ ልምጣ። ፔንሲዮን ውስጥ መታጠቢያ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ በሩ አጠገብ ነው። ከኮሪደር የሚነሳ ሲግናል አልጋው ጋ ለመድረስ ብሎኬት፣ ሴራሚክ፣ የውሃ ቧንቧና መስታወት ማቋረጥ አለበት። የመስታወቱ ጀርባ የተቀባው ብረት ነው፤ ለሬዲዮ ሞገድ ከግድግዳው ይብሳል። ኮሪደሩ ራሱ ግን ባዶ ስለሆነ እዚያ የተሰቀሉት ዕቃዎች እርስ በርሳቸው ይረባበሻሉ። እንግዳው በሩን ከፍቶ ሲቆም ኔትወርኩ ጥሩ ነው፣ አልጋው ላይ ሲጋደም ይጠፋል። ስለዚህ አክሰስ ፖይንቱን ክፍል ውስጥ፣ ኮርኒስ ላይ አስገቢው። ክፍሎቹ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ አራት አራት ከሆኑ፣ በግራ በኩል ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አንድ፣ በቀኝ በኩል ሦስተኛው ውስጥ አንድ። በሚቀጥለው ፎቅ ቦታቸውን አቀያይሪ፤ አንዱ በአንዱ አናት ላይ አይደራረብ። የአርማታው ሶሌታ ብዙውን ሲግናል ይቀንሳል እንጂ ሁሉንም አያስቀርም።

በዚህ ስሌት ለሦስቱ ፎቅ 6፣ ለምግብ ቤቱ 1፣ እንግዳ ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ 1 ይጨመራል። ግን 8ቱንም አንዴ አትግዢ። አንድ ብቻ ግዢና በረጅም ገመድ እየጎተትሽ ባሰብሽው ቦታ ከፍ አድርገሽ ያዢው፣ በሮቹን ሁሉ ዝጊ፣ ስልክሽ ላይ የዋይፋይ መለኪያ አፕ ከፍተሽ ከትራስ ወደ ትራስ ዙሪ። ከ-67 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል) የተሻለ፣ ማለትም -60 ወይም -55፣ ካገኘሽ ያ ቦታ ይሆናል። -75 ካነበብሽ ቦታውን ቀይሪ።

ስለ አክሰስ ፖይንቱ የማሰራጫ ኃይል የማልረሳው አንድ ሥራ አለ። ባለ 3 ፎቅ ክሊኒክ ውስጥ 5 አክሰስ ፖይንት ሰቅዬ ሁሉንም ከፍተኛው ኃይል ላይ አደረግኳቸው። ሐኪሟ ታብሌቱን ይዛ ከላይኛው ፎቅ ወደ ምድር ስትወርድ፣ ታብሌቱ የላይኛውን አክሰስ ፖይንት እንደያዘ ይቀራል፤ የላብራቶሪ ውጤት አይከፈትም፣ በሽተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር የሚወስነው ስልኩ ወይም ታብሌቱ ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለው ጮክ ብሎ ስለሚናገር ስልኩ በደንብ ይሰማዋል፣ መዛወርም አያምረውም፤ የስልኩ ድምፅ ግን ደካማ ስለሆነ መልሱ እላይ አይደርስም። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት የማይከፈተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ማታ ክሊኒኩ ሲዘጋ ገብቼ፣ ዋይፋዩ ከሚሠራባቸው ሁለት ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርዙን ዝቅተኛ፣ 5 ጊጋኸርዙን መካከለኛ ኃይል ላይ አወረድኩት፤ የ2.4ን ቻናል 1፣ 6 እና 11 ላይ ብቻ፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ አደረግኩ። ሁለቱ ላይ 2.4ን ጨርሼ አጠፋሁት። ምንም አዲስ ዕቃ ሳይገዛ ችግሩ ቆመ። አንቺም ስታሰቅዪ ባለሙያው ይህን ሳያስተካክል ሂሳቡን አትጨርሺለት።

ገመድ ላይ እባክሽ አትቆጥቢ። አንድ ትምህርት ቤት ባለቤቱ ርካሽ የገመድ ካርቶን ገዝቶ ጠበቀኝ። 60 ሜትር ገደማ የሄደው መስመር ላይ ያለው አክሰስ ፖይንት ጠዋት ደህና ይሠራል፣ ተማሪ ሲበዛ ራሱን እያጠፋ ያበራል። ገመዱ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነበር፤ ዕቃው ብዙ ኃይል ሲስብ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል። ግድግዳ ተፈልፍሎ እንደገና ተዘረጋ። ከመግዛትሽ በፊት የሽቦውን ጫፍ በቢላ ፋቂው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዪው፣ እስከ ውስጥ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ካርቶኑም ሲነሳ የመዳቡ ይከብዳል። ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ገመድ ይበቃሻል፣ አንዱ መስመር ከ100 ሜትር አይለፍ።

የአክሰስ ፖይንቶቹ መብራትም በዚያው ገመድ ይሂድ፤ ይህ ፒኦኢ የሚባለው ነው። ስዊቹን (ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሳጥን) ስትመርጪ የቀዳዳውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ዋቱን እዪ። 8 ዕቃ በ12 ዋት 96 ይመጣል፤ 60 ዋት ብቻ የሚያድል ስዊች 8 ቀዳዳ ቢኖረውም አይችለውም። ስዊቹንና ዋናውን ራውተር ሪሴፕሽን አጠገብ በአንድ ዩፒኤስ አስሪ። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሳ ኔትወርኩ አይወድቅም።

የእንግዳው ዋይፋይና የካሽ ሬጅስተሩ፣ የካሜራው ኔትወርክ በቪላን (በአንድ ገመድ ላይ ኔትወርኮችን ለያይቶ በሚያስኬደው ቅንብር) ይለያይ። ካሜራ በዋይፋይ አታድርጊ።

ብራንዱ? ኦማዳም ዩኒፋይም ሠርቼባቸዋለሁ፣ ሁለቱም ለእናንተ ይሆናሉ፤ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌራቸው ያለ ዓመታዊ ክፍያ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ከተማሽ ውስጥ ቢበላሽ የሚተካልሽ ሻጭ ያለውን ምረጪ፣ ሁሉንም ከአንድ ብራንድ አድርጊ። ዋይፋይ 6 ይበቃል፤ ለዋይፋይ 7 የምትጨምሪውን ገንዘብ ገመዱ ላይ አውዪው።

የአንዱን ፎቅ ፕላን በእጅሽም ቢሆን ሥለሽ ለጥፊው፣ መታጠቢያ ቤቶቹ የት እንደሆኑ ምልክት አድርጊ። የትኛው ክፍል ውስጥ መሰቀል እንዳለበት አይቼ እመልስልሻለሁ።