የእናትሽን ጉልበት በተመለከተ፦ መርፌው ከመወጋቱ በፊት

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። «እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ ራጅ ተነስታ የጉልበትሽ ካርቲሌጅ አልቋል አሏት። መርፌ ትወጋ ወይስ ኦፕራሲዮን ትሁን? መልሶ የሚያበቅል መድኃኒትስ አለ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ከግራ ጉልበቴ ጋር ስታገል ዓመታት ስለተቆጠሩ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ያለቀ ካርቲሌጅን፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ልስልስ ልባስ፣ መልሶ የሚያበቅል ክኒን የለም። ካርቲሌጅ የደም ሥር ስለሌለው እንደ ቆዳ ቆስሎ አይድንም። ለመገጣጠሚያ ተብሎ በየፋርማሲው የሚሸጠው ግሉኮሳሚንም በጥናት ያሳየው ውጤት የተምታታ ነው። ብሩን ለፊዚዮቴራፒ ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ።

ዋናው ነገር የጉዳቱ ዓይነት ነው። ኳስ ሲጫወት አንድ ቦታ ላይ የተቦረቦረበት ወጣትና ዙሪያውን የሳሳበት ሰው ሕክምናቸው ለየቅል ነው። ለወጣቱ አጥንቱን በስሱ በስተው የመቅኔ ደም እንዲወጣና ቀዳዳውን እንዲሸፍን ያደርጋሉ። ማይክሮፍራክቸር ይባላል። ከራሱ ካርቲሌጅ ሕዋስ ወስዶ ላብራቶሪ ውስጥ አባዝቶ መመለስም አለ፤ የስዊድን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1994 ነው ውጤቱን ያሳተሙት። እነዚህ ግን በዕድሜ ለሳሳ ጉልበት የሚሆኑ አይደሉም። ሰው «ውጭ አገር ካርቲሌጅ ይተክላሉ» ሲል ሰምታችሁ እንዳትጓጉ።

ደግሞ ራጁ ካርቲሌጅን በቀጥታ አያሳይም። የሚታየው በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ተኝተው ከተነሱ ክፍተቱ ሰፊ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ቆመው መነሳታቸውን ጠይቂ።

አሁን ወደ እኔ ጉልበት። እኔን ያቆመኝ የጭን ጡንቻ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወንበር ላይ አስቀምጣ እግሬን ወደፊት አዘረጋችኝ። የእግሬን ጣቶች ወደ ራሴ ሳብኩ። ከዚያ እጄን ይዛ ከጉልበቴ በላይ ያለው ጡንቻ ላይ አስቀመጠችው። የደህናው እግሬ ጠጥሯል፤ የታመመው ልፍስፍስ ብሏል። «ጉልበትሽ ያጣው ደጋፊ ይሄ ነው» አለችኝ። እግሩን እንደተዘረጋ ትንሽ ይዞ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው፤ ጠዋት ማታ። ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል። መጀመሪያ ትንሽ ቢያማቸው አይደንግጡ፤ በማግስቱ ካበጠ ግን ይቀንሱ።

ክብደት ካላቸው እሱም ትልቅ መድኃኒት ነው። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ምርኩዝ ከያዙ በደህናው እግር በኩል ይሁን፤ ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዛል። ቡና ሲያፈሉ ዝቅ ያለውን በርጩማ ትተው ከፍ ያለ ወንበር ይጠቀሙ። ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። እኔ ከማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ወደ ለገሃር መውረድ ትቼ ታክሲ ነው የምይዘው። ፍልውሃ ገብቶ መታጠብም ሕመሙን ያላላል፤ ካርቲሌጁን ባይመልስም ደስ ይላል።

ለሕመሙ መጀመሪያ የሚቀባውን ዲክሎፌናክ ይሞክሩ። ክኒኑ ጨጓራን፣ ኩላሊትንና ደም ግፊትን ስለሚነካ ሐኪም ሳያማክሩ አይዋጡ።

መርፌውስ? ስቴሮይድ (እብጠትና ሕመም የሚያበርድ መድኃኒት) ከሆነ ለሳምንታት ያሳርፋል፤ ሕመሙ ሲበረታ ጥሩ ነው። መደጋገሙ ግን ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የአሜሪካ ጥናት በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት የተወጉት ሰዎች ካርቲሌጃቸው ጨው ውሃ ከተወጉት የባሰ ሳስቶ ተገኝቷል፤ በሕመሙም ልዩነት አልነበራቸውም። ከራስ ደም የሚዘጋጀው ፒአርፒ ውድ ነው፤ ማስረጃው ገና አልጠራም። ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ) እንውጋ የሚሏችሁ ካሉ ገንዘባችሁን ያዙ።

ኦፕራሲዮን ሲባል «ካሜራ አስገብተን እናጥበዋለን» ካሏችሁ ሁለተኛ ሐኪም ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት ቆዳቸው ብቻ ተቀዶ የተሰፋላቸው ሰዎች ጉልበታቸው ከታጠበላቸው እኩል ነው የተሻላቸው። መገጣጠሚያውን በሙሉ መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው። ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳቸው፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ ካቃታቸውና ስፖርቱም መድኃኒቱም ካልረዳ እሱን አትፍሩ። ከተቀየሩት ጉልበቶች ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ 25 ዓመት ያገለግላሉ።

ወጌሻ ያበጠውን ጉልበት እንዳይጎትተው። ጉልበታቸው ድንገት ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ሳታድሩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጃቸው፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።