"ተመልሶብኛል፤ እንደገና ልጀምር?" ክብደት ቀንሰው መልሶ ለጨመረባቸው ሰዎች ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቅዳሜ ማለዳ አብረን የምንራመድ ወደ ሃያ የምንጠጋ ሰዎች ነን። ከመካከላችን ክብደቱን ቀንሶ መልሶ ያልጨመረ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ለብዙ ዓመታት በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍል ሠርቻለሁ። ራሴም ሁለት ጊዜ ቀንሼ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶብኛል፤ አሁን በሦስተኛው ላይ ነኝ። እየተራመድን ጥያቄው ሲበዛብኝና ትንፋሽ ሲያጥረኝ "በጽሑፍ ስጡኝ" አልኳቸው። የደረሱኝን ከነመልሳቸው አቀርባለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ቀንሼ ሦስቱንም ጊዜ ከነጭማሪው ተመልሶብኛል። አሁን "እንደገና ጀመርኩ" ለማለት እንኳ አፍራለሁ። ችግሩ ስንፍናዬ ነው?

ሰነፍ ሰው ሦስት ጊዜ 10 ኪሎ አይቀንስም። ክብደት ስንቀንስ እኛ ደስ ይለናል፤ ሰውነታችን ግን ረሃብ የገባ ነው የሚመስለው። ስብ ሲያንስ ከስቡ የሚመነጨውና ለአንጎል "ስንቅ አለ" ብሎ የሚናገረው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ከጨጓራ የሚመነጨው ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን ደግሞ ይጨምራል። በ2011 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ይህ ለውጥ ክብደት ከቀነሱ ሰዎች ላይ ከአንድ ዓመት በኋላም እንዳልጠፋ አሳይቷል። በአሜሪካ ደግሞ ኬቨን ሆል የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይል ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ሆኖ አገኙት፤ ውጤቱ የታተመው በ2016 ነው። እንግዲህ እርስዎ ሲታገሉ የነበሩት ከዚህ ጋር ነው።

የሚያበረታታም አለ። በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ሞክረው የተመለሰባቸው ናቸው፤ የተሳካላቸው በመጀመሪያው ሙከራ አልነበረም።

የእኔን ልንገርዎት። መጀመሪያ ከ92 ወደ 78 ኪሎ ወረድኩ። ከዚያ አንድ የበዓል ሰሞን 3 ኪሎ ጨምሬ ሳገኘው ሚዛኑን አልጋ ሥር ከተትኩትና ስምንት ወር ሙሉ አላወጣሁትም። ሳወጣው 94 አለኝ። ሦስቱን ኪሎ ያመጣው በዓሉ ነው፤ የቀረውን 13 ኪሎ ያመጣው ሚዛኑ አልጋ ሥር የከረመበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሰው ሲያማክረኝ "ስንት ቀነስክ?" ብዬ አልጠይቅም፤ "ሲበላሽብህ በስንት ቀን ተመለስክ?" ብዬ ነው የምጠይቀው። እርስዎም ደብተር ያውጡና ሦስቱ ሙከራዎች የት የት ላይ እንደተሰበሩ ይጻፉ። በእኔ ደብተር ከበዓሉ ሌላ ሁለቱም ጊዜ ክፉኛ የተበላሸው በሐምሌ ነበር፦ ዝናቡ ሲጠና ጉዞው ይቀራል፣ ልጆች ትምህርት ተዘግቶ ቤት ስለሚውሉ ማታ ማታ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል፣ በላዩ ሻይ ከዳቦ ጋር ይከተላል። አሁን ሰኔ ሳያልቅ የሐምሌን ዕቅድ አዘጋጃለሁ፤ ዝናብ ሲሆን የሥራ ቦታዬን ደረጃ ለሃያ ደቂቃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። የሚያየኝ ዘበኛ መጀመሪያ ዕቃ የጠፋብኝ መስሎት ነበር።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምነዳው። ሰኞ ጀምሬ እስከ ሐሙስ ጥሩ እሄዳለሁ። ዓርብ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቁርጥና ቢራ ሲመጣ ይፈርሳል። "አንዴ ተበላሽቷል" ብዬ ቅዳሜና እሑድን እለቀዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና ሰኞ። ይኸው ሁለት ዓመቴ።

አበው "ካፈርኩ አይመልሰኝ" የሚሉት ይህን ነው። በ1975 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ ምግባቸውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች መጀመሪያ ሚልክሼክ ከጠጡ በኋላ አይስክሬም ሲቀርብላቸው፣ ምንም ካልጠጡት መሰሎቻቸው የበለጠ እንደበሉ አሳይቷል። ከጠገበ ሰው የሚጠበቀው የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ "ፈርሷል" የሚለው ሐሳብ ግን ከሆዳቸው በላይ አዘዛቸው።

ወንድሜ፣ እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ 400 ካሎሪ ቢያጎድሉ 1,600 ይሆናል። አንድ ጠርሙስ ቢራ ወደ 140 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አራት ቢጠጡ 560። ከቁርጡ ጋር ዓርብ ዕለት ከሚያስፈልግዎ በ1,200 አለፉ እንበል። አሁንም 400 ይተርፍዎታል፤ ሳምንቱ አልፈረሰም! አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ የዓርቡ ጥፋት ብቻውን ቢታይ እንኳ ከ160 ግራም አይበልጥም። ያፈረሱት ቅዳሜና እሑድ ናቸው። ስለዚህ መመለሻዎ ሰኞ መሆኑ ቀርቶ የቅዳሜ ቁርስ ይሁን፤ ጾሞ ለመካስ አይሞክሩ፣ የዘወትር ቁርስዎን ይብሉ። ዓርብን ደግሞ ከነአካቴው አይሰርዙት፤ ጓደኛ የሌለው ሕይወት ማንም ሰው ለዓመታት ሊጸናበት የሚችል አይደለም። አራቱን ቢራ ሁለት ያድርጉትና በመካከሉ ውሃ ይጠጡ።

ጥያቄ፦ በፋሲካ ማግስት መንገድ ዳር ብመዘን 2 ኪሎ ተኩል ጨምሬ አገኘሁት። 55 ቀን የለፋሁበት በአንድ ቀን ተመለሰ ማለት ነው?

አልተመለሰም። 2 ኪሎ ተኩል ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልግዎ በላይ 19,000 ካሎሪ መብላት ይኖርብዎታል፤ ይህ በአንድ ቀን ለማንም የሚሆን አይደለም። የጨመረው በአብዛኛው ውሃ ነው። የዶሮ ወጡ ጨው ውሃ ይይዛል፤ ከእንጀራውና ከድፎው የተገኘው ስኳር በጡንቻና በጉበት ሲከማችም ለእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው። ወደ ዘወትር አመጋገብዎ ከተመለሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል።

መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆች በተመለከተ ደግሞ፣ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ኮብልስቶን ላይ በተቀመጠ ሚዛን ወጥቼ ፊቴ ሲጠቁር ያየው ልጅ ሚዛኑን ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ "እትዬ፣ እዚህ ጋ ይሻላል" አለኝ። በእርግጥም በአንድ ኪሎ ተሻለ። በአንድ ሚዛን፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ ቁርስ ሳይበሉ፣ በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ይመዘኑ፤ ከበዓል በኋላ ግን አራት አምስት ቀን ይታገሡ።

ጥያቄ፦ በጾም ሥጋም ቅቤም አልነካም፤ ግን እወፍራለሁ። ተስፋ ያስቆረጠኝ ይህ ነው።

ዘይቱን ይዩት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ የጾም ወጥ ደግሞ በማንኪያ ተለክቶ ሲሠራ አላየሁም፣ ከጀሪካኑ ወይም ከጠርሙሱ ነው የሚንቆረቆረው። ድስቱ ውስጥ የገባው ዘይት ለስንት ሰው እንደተካፈለ አስልተው ይዩ። ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ቆይተው ሲገድፉ ረሃቡ ስለሚያቻኩል ሳምቡሳና ዳቦ ይቀድማል። አራት ስኒ ሻይ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ከገባበት 48 ግራም ስኳር፣ ማለትም 190 ካሎሪ ገደማ ተጠጣ ማለት ነው። ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ጎመን የጾም ጸጋ ናቸው፤ መግደፊያዎ በእነርሱ ይጀምር። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተዋለሁ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን የመብያ ሰዓቱን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ማነጋገር አለበት፤ የደም ስኳር መውረድ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ 6 ኪሎ ብቀንስ አማቴ "ምነው ከሳሽ፣ ታመሽ ነው?" እያሉ በሰው ፊት ያሳቅቁኛል። እምቢ ብል ጉርሻው ይደራረባል።

እኛ ዘንድ "ወፈርሽ፣ ተስማማሽ" ምርቃት ነው፤ አማትዎ በክፋት እንዳልተናገሩ ያውቃሉ። ስለ መልክና ስለ ውበት አይከራከሯቸው። "የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ሐኪም አዝዞኛል" ቢሏቸው ግን፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ ከሁሉም በላይ የሚከራከሩልዎ እርሳቸው ይሆናሉ፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በደስታ ይቀበሉ፤ ቀጥለው እርስዎ አማትዎን ያጉርሱ። እጅዎ በማጉረስ ሲጠመድ አፍዎ ያርፋል። በትልቅ ትሪ አብሮ ሲበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅምና፣ በፊትዎ ያለውን ድርሻ ሳይጀምሩ በዓይንዎ ይከልሉት። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ ጫምባላላ፣ ቡርሳሜ የተባለው የእንሰት ምግብ ከነቅቤው ሲቀርብ ይብሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ በዓል ማንንም አላወፈረም።

ጥያቄ፦ ሎሚ በሙቅ ውሃ ቦርጭ ያቀልጣል? የማቅጠኛ ሻይስ?

ሎሚ ስብ አያቀልጥም። ከማቅጠኛ ሻዮች ብዙዎቹ ሰና የተባለ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው፤ የሚወጣው ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር ዘመድ የላከልኝ የክብደት መቀነሻ መርፌ አለ። ስንት ጊዜ ወድቄ አሁን ይህ ብቻ ነው ተስፋዬ።

ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት፣ ብዙ ሰው ኦዜምፒክ በሚለው ስሙ የሚያውቀው፣ በእርግጥ ይሠራል፤ ማጭበርበሪያ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ነገር ግን በጥናት የተከታተሏቸው ሰዎች መርፌውን ካቆሙ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተመልሶባቸዋል። ስለዚህ የሁለት ወር መርፌ ከዘመድ ተቀብሎ መውጋት ሌላ መመለስ በገንዘብ መግዛት ነው። መድኃኒቱ ከማቀዝቀዣ ውጪ ምን ያህል እንደቆየም አይታወቅም። ያለ ሐኪም አይጀምሩ። ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ ደግሞ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ፤ ኢንሱሊን፣ ስቴሮይድ፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ደግሞ የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ክብደት ይጨምራሉ። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ጠዋት ልሮጥ ብዬ ማታ እወስናለሁ፤ ሲነጋ ግን ፍላጎቱ የለም። ተነሳሽነቱን ከየት ላምጣው?

እህቴ፣ ፍላጎቱ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ እኔም ጋ ከስንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። መጀመሪያ እግርሽ ይውጣ፣ ፍላጎቱ መንገድ ላይ ያገኝሻል። በለንደን የተደረገና በ2010 የታተመ ጥናት አንድ አዲስ ልማድ ሳይታሰብ የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አሳይቷል። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ሌላው ግኝት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም።

ስለዚህ አሳንሺው። ሩጫውን ተይውና ጫማሽን በር ላይ አድርገሽ ተኚ፤ የጠዋቱ ግዴታሽ ጫማውን አድርጎ አሥር ደቂቃ መራመድ ብቻ ይሁን። እኔ የዓሣ ገበያው ወዳለበት ወደ አሞራ ገደል የምሄደው ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያራግፉ ለማየት ነው፤ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ተሰልፈው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ክብደት ለመቀነስ ብዬ የወጣሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ እነዚያን ወፎች ለማየት የወጣሁባቸው ግን ይበዛሉ።

ጥያቄ፦ ከ96 ወደ 89 ወርጄ ሁለት ወር ሙሉ ቆሞብኛል። ስኳር አለብኝ ሊሉኝ ጥቂት ነው የቀረው።

89 ላይ ሁለት ወር መቆም፣ ካስተዋሉት፣ ሁለት ወር ሙሉ አልተመለሰብዎትም ማለት ነው። ሰውነትዎ ስላነሰ የሚያቃጥለውም አንሷል፤ ስለዚህ ያው ምግብ አሁን ልክ ሆኗል። የወገብዎን ዙሪያ በሜትር ይለኩ፤ ሚዛኑ ሳይንቀሳቀስ ወገብ ሊቀንስ ይችላል። ከ96 የቀነሱት 7 ኪሎ ከ7 በመቶ በላይ ነው። በ2002 በታተመው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር የተቃረቡ ሰዎች የተሰጣቸው ግብ ልክ ይህ ነበር፦ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ። በዚያ ቡድን በስኳር የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። ለሦስት ወር ግብዎን 89ን ማቆየት ያድርጉትና የደም ስኳርዎን እንደገና ያስለኩ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ አሁን ስንት ነዎት?

ዛሬ ጠዋት 79.4። የዛሬ ሁለት ሳምንት 78.2 ነበርኩ፤ በመካከሉ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበረ፣ መልሱም ነበረ። ሚዛኑ አልጋ ሥር አልገባም። ነገ 12 ሰዓት ተኩል ሐይቅ ዳር ነኝ።