የጥብስ ቅጠሌን ልንቀለው ወይ?

ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ቱላ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አርሶ አደር እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ሩብ ሄክታር የጥብስ ቅጠል አለኝ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ ‹አሁን እኮ ተክሉን ሳይተክሉ ዘይቱንም መድኃኒቱንም በጠርሙስ ያመርቱታል› አለኝ። እውነት ከሆነ የእኔን ቅጠል ማን ይገዛል? ነቅዬ ጫት ልትከልበት? ወይስ ጠርሙሱን እኛም ቤታችን እንጀምረው?»

ወንድሜ፣ እባክዎ እንዳይነቅሉ። ልጅዎ የነገረዎት ውሸት አይደለም። ግን የእርስዎን ማሳ የሚያሰጋ ነገር አይደለም።

ነገሩን እኮ ከእንሰት ያውቁታል። አሚቾውን ቆፍረው፣ እምብርቱን አውጥተው መልሰው ሲቀብሩት፣ ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ይፈላል። የተክል ገላ ሲቆረጥ እንደገና መጀመር ይችላል። ቲሹ ካልቸር የሚባለው ሥራ ይህንኑ ጠርሙስ ውስጥ ያስገባዋል። ጥፍር የምታህል ቅጠል ትቆረጥና በበረኪና ትጸዳለች። ከዚያ ስኳር፣ ማዕድንና የእድገት ሆርሞን ያለበት ረጋ ያለ ምግብ ላይ ትቀመጣለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የተቆረጠው ጠርዝ ያብጥና የተፈረፈረ አይብ የመሰለ ነገር ያወጣል። ካለስ ይሉታል። እሱን ፈሳሽ ውስጥ አድርገው፣ ቀን ከሌት እያወዛወዙ ያበዙታል።

አንድ ጊዜ ላብራቶሪ ገብቼ የጥብስ ቅጠል ካለስ ያለበት ጠርሙስ ተከፍቶ አሸተትኩት። የጥብስ ቅጠል የሚባል ሽታ የለውም! ምክንያቱ ቀላል ነው። ዘይቱ የሚሠራውና የሚጠራቀመው ቅጠሉ ላይ፣ በተለይ በጀርባው በኩል ባሉ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ እጢዎች ውስጥ ነው። ካለሱ ቅጠል አይደለም፤ እጢም የለው። እጢ ከሌለ ዘይቱ የት ይቀመጥ? ለዚህ ነው የእርስዎን ምርት ጠርሙስ በቀላሉ የማይተካው።

ሁሉም ነገር ግን እንደ ዘይቱ አይደለም። ሮዝማሪኒክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ከጥብስ ቅጠል ነው። እሱን ለመሥራት እጢ አያስፈልግም። ኮሊየስ ከሚባለው የጌጥ ተክል የተወሰዱ ሕዋሳት፣ ከደረቅ ክብደታቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነውን ይህን አሲድ አድርገውት ታይተዋል። ጃፓኖችም በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ሺኮኒን የተባለውን ቀይ ቀለም በዚህ መንገድ አምርተው ለሊፕስቲክ አውለውታል። የተክሉ ሥር ቀለሙን እስኪይዝ መሬት ውስጥ ዓመታት ይፈጃል፤ በበርሜሉ ግን ሳምንታት በቁ። የካንሰር መድኃኒቱ ፓክሊታክሰልም አለ። መጀመሪያ የሚገኘው ከአንድ የዛፍ ቅርፊት ነበር። ለጥቂት መድኃኒት ብዙ ዛፍ ይላጣል፤ የተላጠው ዛፍ ደግሞ ይሞታል። ዛሬ የዚያ ዛፍ ወገን ሕዋሳት እስከ 75,000 ሊትር በሚይዝ ጋን ውስጥ እየበዙ መድኃኒቱን ይሰጣሉ። እኔ ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው፤ ዛፉን ከመጥረቢያ አተረፈው።

ልብ ይበሉ፣ ቀለሙም መድኃኒቱም ወይ በጣም ውድ ናቸው፣ ወይ ከተክሉ ለማግኘት የሚያስቸግሩ ናቸው። በየጓሮው የሚበቅል፣ ለጥብስ የሚገዛ ቅጠልን በጋን ለማምረት የሚደክም የለም። ወጪው አያዋጣም።

ቤት ውስጥ መጀመሩን በተመለከተ፣ አልመክርዎትም። ያ ስኳር ያለበት ምግብ ሻጋታም ይወደዋል። በ121 ዲግሪ፣ በእንፋሎት ግፊት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ካልተቀቀለ አይጸዳም። ከዚያ በኋላ አንዲት የሻጋታ ዘር ብትገባ በጥቂት ቀን ጠርሙሱ ፀጉር ያበቅላል። ማወዛወዣው ደግሞ መብራት እንዲጠፋ አይፈልግም። መብራት ደግሞ እንደሚያውቁት ነው።

ከላብራቶሪ ሰዎች ግን አንድ ትምህርት ይውሰዱ። ሕዋሳቱ ተመችቷቸው ሲያድጉ ንጥረ ነገሩን ብዙም አይሠሩም። ስለዚህ ነፍሳት የበላቸው እንዲመስላቸው ጃስሞኔት የሚባል ኬሚካል ጠብ ያደርጉባቸዋል። ያኔ ተክሉ ራሱን ሊከላከል ይነሳና የምንፈልገውን ያመርታል። ለእርስዎ ይህን ፀሐዩና ማሳው በነጻ ይሠሩልዎታል። የጥብስ ቅጠልን ጥላ ሥር አይትከሉት፣ ውኃም አያጥግቡት። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ ሥሩ ይበሰብሳል።

ማሳዎን ማስፋት ከፈለጉ የቲሹ ካልቸር ችግኝ አይግዙ። ለሙዝ ቢሆን ግዙ እል ነበር፤ በሽታ የሌለበት ችግኝ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። የጥብስ ቅጠል ግን ከጤነኛ እናት ተክል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈው፣ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ቢተክሉት ሥር ያወጣል፤ ከዚያ ወደ ፀሐይ ያዛውሩታል። የተሻለ ዝርያ ካስፈለገዎ ወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ይሠራል፤ ሩቅም አይደለ፣ ሄደው ይጠይቁ።

ዋናው ኪሳራ የሚመጣው ከቆረጡ በኋላ ነው። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይቁረጡ። ቅጠል የሌለው ደረቅ ግንድ ድረስ አይውረዱ፤ ከዚያ መልሶ ማቆጥቆጡ ያስቸግረዋል። አስፋልት ዳር ሸራ ላይ የሚያሰጡ ሰዎች አያለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ፀሐዩ ዘይቱን ያተነዋል፣ የመኪናው አቧራ ይቀመጥበታል፣ ገዢው የሚያገኘው ገለባ ነው። ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ስስ አድርገው ያስጡት። ጨበጥ ሲያደርጉት ከተሰባበረና እጅዎ ላይ ሽታው ከቀረ ደርሷል።

ልጅዎ ለእረፍት ሲመጣ ጥሩ ማጉያ መነጽር ይዞ ይምጣ። አንድ ቅጠል ይገልብጡና ጀርባውን አብራችሁ እዩ። ፀጉር ከመሰለው መሐል የሚያብረቀርቁ ጠብታዎች ታያላችሁ። ገዢ ገንዘብ የሚከፍልዎት ለእነሱ ነው።