ዋሽንግተን ስትምር ስቴቱ ይምራል?

ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት የግብር ሕግ ከወጣ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ቢለያይም መሠረታቸው አንድ ነው፤ ዋሽንግተን የተወችውን ስቴቱ ለምን አይተወውም? ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ነው የምሠራው። የጉርሻ ግብር ቀረ ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። የ2025 ገቢዬን ሳሳውቅ ግን ቨርጂኒያ ሙሉውን ቆጠረችብኝ። ተሳስተው ይሆን?

አልተሳሳቱም። አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ሳይሆን አይቀርም። እስቲ የፌዴራሉን ቅጽ 1040 ፊትዎ ይዘርጉት። 11ኛው መስመር ላይ የተስተካከለው ጠቅላላ ገቢዎ አለ፤ 15ኛው ላይ ግብር የሚከፈልበት ገቢዎ። የጉርሻው ቅናሽ የሚገባው በሁለቱ መሐል፣ 13ኛው መስመር ላይ ነው። ቨርጂኒያ ሒሳቧን የምትጀምረው ከ11ኛው ስለሆነ ቅናሹን ጨርሶ አታየውም። የገቢ ግብር የሚያስከፍሉት አብዛኞቹ ስቴቶችም እንደዚሁ ናቸው።

የዓመት ጉርሻዎ 9,000 ዶላር ነው እንበል። በፌዴራሉ 12 በመቶ እርከን ላይ ከሆኑ 1,080 ዶላር ይተርፍልዎታል። ቨርጂኒያ በ5.75 በመቶዋ 517 ዶላር ተኩል ትወስዳለች። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮም አልተነካም፤ ተቀጣሪ ከሆኑ በዚያው 9,000 ላይ 688 ዶላር ተኩል ይቆረጣል። «ቀረ» የሚለው ቃል ነው ጥፋተኛው። ሕጉ የሚለው እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ፣ የታወጀና በደንበኛው ፈቃድ የተሰጠ ጉርሻ ከገቢ ይቀነሳል ነው፤ ያውም እስከ 2028 ብቻ። ሒሳብ ላይ በግድ የሚደመር የአገልግሎት ክፍያ አይገባም።

ጥያቄ፦ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው የምኖረው። በ2025 400 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ሠርቻለሁ። ፌዴራሉ የትርፍ ሰዓት ጭማሪን ከገቢ እንደሚቀንስ ሁሉ እዚህ ስቴቱም ይቀንሳል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

ለ2025 ገቢዎ፣ አዎ። ኮሎራዶ የምትጀምረው ከ15ኛው መስመር፣ ቅናሹ ከተነሳ በኋላ ነው። ግን ልክዎን ይወቁ። በሰዓት 22 ዶላር የሚከፈልዎ ከሆነ በትርፍ ሰዓት 33 ያገኛሉ፤ የሚቀነሰው ጭማሪዋ 11 ዶላር ብቻ ናት። በ400 ሰዓት 4,400 ዶላር ይሆናል፤ በኮሎራዶ 4.4 በመቶ ሲሰላ የስቴቱ ምሕረት 194 ዶላር ያህል ነው።

ከ2026 ጀምሮ ግን ይህም የለም። የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች አደጋው የታያቸው ኮንግረሱ ሕጉን ሳይጨርስ ነው፤ በትርፍ ሰዓት የተቀነሰው በስቴቱ ቅጽ ላይ ተመልሶ እንዲደመር አስቀድመው ደነገጉ። ከዚያም ሕጉ ሲጸድቅ በበጀታቸው ላይ ሌላ ቀዳዳ ከፈተባቸውና ገዥው ጃሬድ ፖሊስ በኦገስት 2025 ልዩ ስብሰባ ጠሩ። ከፌዴራሉ ቅጽ ጋር ተጣብቆ መኖር ለግብር ከፋዩ ይመቻል። ለስቴቱ ግምጃ ቤት ግን ሌላ ሰው በኪሱ እጁን እንደሚያስገባ ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት አለን። ለስቴትና ለአካባቢ የምንከፍለው ግብር እስከ 40,000 ዶላር ይቀነሳል ተባለ። እኔና ባለቤቴ ምን እናገኛለን?

አሜሪካኖች ይህን ቅናሽ በምህጻረ ቃል «ሶልት» ይሉታል፤ ጨው ማለት ነው። አሞሌ ገንዘብ ለነበረበት አገር ልጅ ስሙ እንግዳ አይሆንም። ቅናሹ የ1913ቱ የገቢ ግብር ሕግ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነበረ። የ2017ቱ ሕግ ግን 10,000 ዶላር ላይ ገደበው፤ ለላጤውም ለባለትዳሮቹም እኩል። ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኮነቲከትና የእርስዎ ሜሪላንድ ከሰሱ፤ በ2019 ተረቱ፤ በይግባኝ በ2021 ተረቱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2022 ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም። ግብሩን ለስቴቱ ፈንድ እንደተሰጠ ምጽዋት አድርጎ የማሳለፍ ዘዴም ተሞክሮ ነበር። የፌዴራሉ ገቢዎች መሥሪያ ቤት በ2019 በሩን ዘጋው።

ለ2025 ገደቡ 40,000 ሆኗል፤ ገቢያቸው ከ500,000 ለሚበልጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በ2030 ወደ 10,000 ይመለሳል። በእናንተ ቤት እናስላው። የገቢ ግብር 9,500፣ የንብረት ግብር 6,500፣ የቤት ብድር ወለድ 14,000፣ ለቤተ ክርስቲያን 3,000፤ ድምሩ 33,000። ሳይዘረዝሩ የሚገኘው መደበኛ ተቀናሽ ለባለትዳሮች በ2025 31,500 ነው። ልዩነቱ 1,500፤ በ22 በመቶ እርከን 330 ዶላር። ለዚህ ሁሉ ጫጫታ! ከገደቡ ከፍ ማለት በእርግጥ የሚጠቀመው ግብሩ ብቻ 35,000 የሚደርስ ሰው ነው። ለመካከለኛው ቤተሰብ የቆመ ትግል ነው የሚሉትን ፖለቲከኞች እኔ አላምናቸውም።

ሆኖም አንድ ነገር አይርሱ። በሜሪላንድ ቅጽ ላይ ወጪ መዘርዘር የሚቻለው በፌዴራሉ ላይ ከዘረዘሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የፌዴራሉ ጥቅም ትንሽ ቢሆንም ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አሠርተው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ምግብ ቤት አለን። የሶልቱን ገደብ የምናልፍበት መንገድ አለ?

አለ። ገደቡ የግለሰብ እንጂ የድርጅት አይደለም። ኮነቲከት በ2018 ድርጅቱ ራሱ በባለቤቶቹ ፈንታ የስቴቱን ግብር እንዲከፍል አደረገች፤ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በኖቬምበር 2020 ተቀበለው፤ ዛሬ ከ30 በላይ ስቴቶች ይሠሩበታል። አዲሱም ሕግ አልነካውም። የአንድ ሰው ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) በአብዛኛው አይገባም፤ እናንተ ግን ሁለት ናችሁ።

ጥያቄ፦ ለእናቴ በየወሩ 500 ዶላር እልካለሁ። የሐዋላው 1 በመቶ ግብር የስቴት ነው የፌዴራል?

የፌዴራል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ። የሚመለከተው በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር የሚከፍለውን ነው። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብዎ ወይም በካርድ ከከፈሉ 5ቷ ዶላር አትነካዎትም። ኦክላሆማ የሚኖሩ ከ2009 ጀምሮ የስቴቱ የሐዋላ ክፍያም አለባቸው፤ እሱ ግን የስቴቱን የገቢ ግብር ሲያሳውቁ ይመለሳል። ደረሰኙን የሚጥለው ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነኝ። ቴክሳስ የገቢ ግብር የላትም። ይህ ሁሉ ክርክር ምን አገባኝ?

በገቢ በኩል አይነካዎትም። በወጪ በኩል ግን ያው ሕግ የምግብ እርዳታውን የአስተዳደር ወጪ ከፌዴራሉ ጋር እኩል ለእኩል የነበረውን ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ስቴቶች 75 በመቶ እንዲሸከሙ አድርጓል። እርዳታውን ሲከፍል አብዝቶ ወይም አሳንሶ የሚሳሳተው 6 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ስቴት ከ2028 በጀት ዓመት ጀምሮ ከእርዳታው ራሱ እስከ 15 በመቶ ይከፍላል። ቴክሳስ ይህን ከገቢ ግብር አታመጣውም። ሱቅ ገብተው ሲወጡ ደረሰኝዎ ግርጌ ላይ 8.25 በመቶ የሽያጭ ግብር የሚል መስመር አለ፤ የቴክሳስ ኪስ ዋናው እሱ ነው።