መብራት ሲመጣ የማይነሳው ሰርቨር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ሲና ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን የምይዘው እኔ ነኝ። ኡቡንቱ የተጫነበት ሰርቨር አለን፤ ሞኒተር የለውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ በኔትወርክ አልገኝ ይላል። ያለ ኔትወርክ ከሰርቨሩ ጋር በጽሑፍ ለመነጋገር ሲሪያል ገመድና የዩኤስቢ መቀየሪያ ገዝቼ በዊንዶውስ ላፕቶፔ ላይ ፑቲ የሚባለውን የመነጋገሪያ ፕሮግራም ከፈትኩ። ሰርቨሩ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይወርዳል፣ ከዚያ ጭጭ። ገመዱን ልቀይረው?

መልስ፦ ኧረ አትቀይረው! ዝብርቅርቁ ከመጣ ገመዱ እያስተላለፈ ነው። ያልተስማማው ፍጥነቱ ነው። ፑቲ ሲሪያልን ሲከፍት በራሱ 9600 ይይዛል፤ ሰርቨሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት በ115200 ነው። ስፒዱን 115200 አድርገው። ዳታ ቢት 8፣ ስቶፕ ቢት 1፣ ፓሪቲ የለም። ፍሎው ኮንትሮል (ላኪው ፈቃድ እስኪያገኝ እንዲጠብቅ የሚያደርገው) የሚለውንም አጥፋው። ይቺን አደራ! እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቤ አንድ ሌሊት ሙሉ የታገልኩት በእሷ ነው፤ ከሰርቨሩ የሚመጣው ጥርት ብሎ ይነበባል፣ እኔ የምጽፈው ግን አይደርስም፣ ለካ ገመዴ ሦስት ሽቦ ብቻ ስለነበረው ላፕቶፑ መቼም የማይመጣ የ«ላክ» ምልክት እየጠበቀ ኖሯል።

ጭጭ ማለቱ ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የምታየው የባዮሱን (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራውን ፕሮግራም) ጽሑፍ ይመስለኛል። ሊኑክስ (የኡቡንቱ መሠረት) ሲረከብ በሲሪያል እንዲያወራ የነገረው ስለሌለ ዝም ይላል። ስለዚህ በደህናው ጊዜ፣ ኔትወርኩ ሲሠራ ግባና ኢቲሲ ስር ዲፎልት ውስጥ ያለውን የግራብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ፋይል ክፈት። የከርነል (የሊኑክስ ዋና ክፍል) ትእዛዝ የሚጻፍበት መስመር ላይ ሁለት ኮንሶል (መልእክት የሚወጣበት ቦታ) ጨምር፦ መጀመሪያ ቲቲዋይ0፣ ቀጥሎ ቲቲዋይኤስ0 ከነፍጥነቱ 115200። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ኤሷ ብቻ ትልቅ ናት። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ። ሊኑክስ ዋና ኮንሶል የሚያደርገው መጨረሻ የተጻፈውን ነው፤ ዲስኩ ተበላሽቶ መነሳት ሲያቅተው ስሞታውን የሚያሰማው እዚያው ላይ ነው፣ አንተም የምትፈልገው እሱን ነው። ፋይሉን ስታስቀምጥ አፕዴት-ግራብን በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) አስኪድ። ሎግኢኑን ሲስተምዲ (የኡቡንቱን አገልግሎቶች የሚያስነሳው ፕሮግራም) ራሱ ይከፍተዋል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይረሳል። ኡቡንቱ ላይ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) አካውንት ከመጀመሪያው የተቆለፈ ነው። ሰርቨሩ መነሳት አቅቶት ኢመርጀንሲ ሞድ (የመጠገኛ ሁኔታ) ውስጥ ሲገባ ግን፣ ለሩት ፓስወርድ ካልተሰጠ ኢንተርን ተጫን ይልሃል፤ ስትጫን ያለ ፓስወርድ ይከፈትልሃል። በመጨረሻ ላፕቶፑን ሰክተህ ሰርቨሩን በወጉ ሪስታርት አድርገውና ከባዮሱ እስከ ሎግኢኑ ሳይቋረጥ መምጣቱን በዓይንህ እይ።